የደብረ ብርሃን ጠላ በካርቲየ 4

በሰኔ ወር የጅቡቲ ሌሊት ከቀኑ የሚለየው ፀሐይ ባለመኖሯ ብቻ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋው ያድራል፤ ግድግዳው በእጅ ሲዳሰስ ይፋጃል፤ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ነፋስ ወደሚያገኝበት ደጃፍ ይወጣል። በካርቲየ 4፣ በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ሴት በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ያጣችው ግን በሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ከማድቤቱ ጥግ የቆመውን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ደጋግማ ስትከፍትና ስትዘጋ አደረች። በማግሥቱ ሰኔ 12 ነው፤ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ጽዋ በቤቷ ይጠጣል። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠላ ደግሞ ኮምጥጧል።

ሴትየዋ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች፣ ጅቡቲ ከገባች ደግሞ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለፋት ናት። የማኅበሩ አባላት ዐሥራ ሁለት ናቸው። ማኅበሩ ሲቋቋም ወሩ በዕጣ ተደለደለና ለእርሷ ሰኔ ደረሳት። አባላቱ ዐሥራ ሁለት፣ ወሩም ዐሥራ ሁለት ስለሆነ ተራው በየዓመቱ ተመልሶ እዚያው ወር ላይ ይወድቃል። ኅዳር የደረሰው አባል ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ደስ በሚያሰኝበት ሰሞን ይደግሳል። እርሷ ግን ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት፣ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በታች እምብዛም በማይወርድበት ወቅት መደገስ አለባት። «ዕጣ የእግዚአብሔር ነው» ብላ ተቀብላዋለች።

ጽዋ ማኅበር በሰው አገር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግ ይሆናል። የታመመ የሚጠየቀው፣ ሥራ ያጣ ሥራ የሚፈለግለት፣ የሞተም ሬሳው ወደ አገሩ እንዲገባ ገንዘብ የሚዋጣለት በዚያው ነው። ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ተባርኮ በጽዋው ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ችግሩን የሚያወራው። ስለዚህ ጠላው የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጠላው ደህና ሲሆን ሰው ይቀመጣል፤ ሲቀመጥም ያወራል።

በየዓመቱ በግንቦት አጋማሽ ከደብረ ብርሃን አንድ ጥቅል ይላክላታል። ቀድሞ በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ይመጣ ነበር፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ግን አንዳንዴ በመንገደኛ እጅ ናጋድ ጣቢያ ድረስ ይደርሳል። በጥቅሉ ውስጥ ሁሉም በየከረጢቱ ተለይቶ ይታሰራል፤ የገብስ ብቅል፣ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ ተቆራርጦ የደረቀ እንጨት ጌሾ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አሻሮ፣ እንዲሁም ዕቃ ማጠኛ የሚሆን የወይራ ስንጣሪ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእህቷ እጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ አጭር ነው። ጥንስሱ ሦስት ቀን፤ ብቅልና ቂጣ ገብቶበት ድፍድፉ ሦስት ቀን፤ እንኩሮው ተጨምሮ፣ ውኃው ተሞልቶ፣ አፉ ተከድኖ ሰባት ቀን። እህቷ ይህን የጻፈችው ከእናታቸው አፍ እየሰማች ነው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ሁሉም እንደ ወረቀቱ ተደርጎ ነበር። በርሜሉ በሙቅ ውኃ ታጥቦ በወይራ ታጠነ። ፕላስቲክ እንደ ሸክላ ጋን ጭሱን አይጠጣም፤ ቢሆንም ከማጣት ይሻላል። ጌሾው ተነከረ፤ ቀኑ ተቆጠረ። እንኩሮው በምጣድ እየታመሰ ሲበስል የቤቱ ሽታ ለአፍታ የእናቷን ማድቤት መሰለ። ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሲደርስ ግን በርሜሉ ሲከፈት የወጣው ሽታ የጠላ ሳይሆን የኮምጣጤ ነበር።

በማግሥቱ የሆነው ነገር ጠላ ደግሶ ለሚያውቅ ሁሉ የታወቀ ነው። ማንም ምንም አላለም። «እጅሽ ይባረክ» አሏት፤ «ዓመት ዓመት ያድርስልን» አሏት። አንዱ ስለ ልጁ ትምህርት አወራ፤ ሌላው ስለ ወደብ ሥራ መቀዝቀዝ። ሰው ሁሉ ከተለመደው ቀደም ብሎ ተነሣ። እንግዶቹ ሲወጡ ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ ግን እውነቱን አየችው፤ ከሃያ አንዱ ብርጭቆ ዐሥራ ሰባቱ ከግማሽ በላይ እንደሞሉ ነበር። የአበሻ እንግዳ በአፉ አይፈርድም። የሚፈርደው በሚያስቀረው ነው።

በሳምንቱ የማኅበሩ ሙሴ በስልክ ደወለላት። ነገሩን ያነሣው በዘዴ ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ እርሷም ሠራተኛ ናት፤ ወጣቶቹም ለስላሳ ይመርጣሉ። ለከርሞ ሰኔ ጠላው ቀርቶ ለስላሳ ተገዝቶ ቢባረክ ማንም ቅር አይለውም። አሳቡ ክፋት አልነበረውም፤ ለእርሷ ማዘኑ ነበር። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ለረዥም ሰዓት ሥራ ሳትይዝ ተቀመጠች። በዐሥራ ሁለቱ ወር መካከል አንዱ ያለ ጠላ ቢያልፍ ማኅበሩ አይፈርስም። ነገር ግን በሰኔ የቀረው በሐምሌ ለምን ይደክሙበታል? በነሐሴስ? ሙቀቱ የሰኔ ብቻ አይደለምና። ከዚያም ሌላ ነገር አለ። ልጇ ጅቡቲ ተወልዳ፣ በፈረንሳይኛ እየተማረች ያደገች ናት፤ ደብረ ብርሃንን አይታ አታውቅም። የአያቷን ቤት የምታውቀው በዓመት አንዴ በሚመጣው ጥቅል ሽታ ብቻ ነው።

* * *

መጠጥን በቤት መጥመቅና በውጤቱ ላይ መፍረድ የኢትዮጵያውያን ብቻ ጉዳይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቤት ውስጥ ቢራ ለሚጠምቅ ሰው ፈቃድ ማውጣት ግዴታ መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በአሜሪካ ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ ሰው ለገዛ ቤቱ የሚጠምቀውን ቢራ ከግብር ነጻ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ብቅሉ፣ ሆፑና እርሾው ተመጥኖ፣ አሠራሩ በወረቀት ታትሞ የሚሸጥ ጥቅል በየመደብሩ ተበራከተ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ የዳኞች ማሠልጠኛና ማረጋገጫ ድርጅት ተቋቋመ። የዚህ ድርጅት ዳኛ ቢራውን ማን እንደጠመቀው ሳያውቅ ከ50 ነጥብ ያርማል፤ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላዩ 10። መልክ ሦስት ነጥብ ብቻ ማግኘቱ ጥቁሩንና ደፍራሹን ጠላ ለለመደ ሰው ተገቢ ፍርድ ይመስላል።

ይሁንና በዚህ ዐይነቱ ዳኝነትና በጽዋ ማኅበር ዳኝነት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። በዚያ ዳኛው ጠማቂውን አያውቅም፤ ስለዚህ እውነቱን ለመናገር አይቸገርም። በዚህ ግን ጠማቂዋ ከፊት ለፊቱ ቆማ «ጨመር ላድርግልዎት?» ትለዋለች። ይሉኝታ ባለበት ነጥብ የለም። የጠላ ጠማቂ ዋና ችግርም ይህ ነው፤ ሲበላሽባት የሚነግራት የለም፤ ካልነገሯት ደግሞ አታርመውም።

ሴትየዋ በመጨረሻ ከማኅበሩ በዕድሜ የሚበልጡትን አንድ ሽማግሌ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ብቅልሽ ደህና ነበር፤ ጌሾሽም ደህና ነበር። ጠላሽ ግን ደርሶ አልፎታል። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ጣቢያ እንደ መምጣት ያለ ነው» አሏት።

ያን ማታ ደብረ ብርሃን ደወለች። እናቷ አርጅተዋል፤ ጆሯቸውም ደከም ብሏል። «እማዬ፣ ከተከደነ በኋላ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» ብላ ጠየቀች።

«እስኪደርስ ነዋ!»

«እኮ ስንት ቀን?»

«እኔ ምኑን ቆጥሬው? ጆሮሽን ጣል አርጊበት። ሲንሾካሾክ ገና ነው። ዝም ሲል ደርሷል። ዝም ካለ በኋላ ከተውሽው ይቆጣሻል።»

ሰባት ቀን የሚለው ቃል የእናቷ እንዳልሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው። እናቷ «እስኪደርስ» ብለዋል፤ እህቷ ደግሞ ወረቀት ላይ «እስኪደርስ» ተብሎ ስለማይጻፍ፣ በደብረ ብርሃን የሚፈጀውን ጊዜ ቆጥራ «ሰባት ቀን» ብላ ጽፋዋለች። ለደብረ ብርሃን ትክክል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማይርቅ ከፍታ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት። ካርቲየ 4 ግን ከባሕሩ ወለል እምብዛም ከፍ አይልም።

* * *

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። ጠላን ጠላ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። ብቅሉ በውስጡ ባለው ኃይል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና አየር ያወጣል፤ እናቷ «ይንሾካሾካል» ያሉት የዚያን አየር ድምፅ ነው። ጌሾው መራራነቱን ይሰጣል፤ የማይፈለጉ ተሕዋስያንንም ይገታል። ስኳሩ ሲያልቅ እርሾው ያርፋል፤ ድምፁም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ አየር የሚያገኝ ከሆነ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ተራቸውን ይይዛሉ።

ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር፣ ሕያዋኑን እስኪጎዳቸው ድረስ፣ ሥራቸው እጥፍ ይፈጥናል። የደብረ ብርሃን ማድቤት 15 ዲግሪ፣ የካርቲየ 4 ደግሞ 35 ዲግሪ ነው ቢባል ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሰባት ቀን ለአራት ሲካፈል ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ጠላው በሁለተኛው ቀን ደርሶ አምስት ቀን ሙሉ ሳይጠጣ ቆይቷል። በመጨረሻው ሌሊት በርሜሉን ደጋግሞ መክፈትም አየር ከማስገባት በቀር የጠቀመው ነገር አልነበረም።

የዘመኑ የቢራ ፋብሪካ ይህ ጭንቀት የለበትም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላ ከተማ የሚጠመቀው ቢራ በማቀዝቀዣ ተይዞ፣ ሙቀቱ በመሣሪያ እየተለካ ስለሚፈላ አገሩ ደጋ ይሁን ቆላ ልዩነት አያመጣም። የቤት ጠማቂ ግን ያላት መሣሪያ ዓይኗ፣ አፍንጫዋና ጆሮዋ ነው።

ሙቀቱ ሳያልፍ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሙከራው ተጀመረ። በበርሜል ሳይሆን በትንንሽ ጀሪካን፣ በአንድ ጊዜ አምስት ሊትር ብቻ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ደብተሯ አንዱን ለዚሁ አደረገችው። በየገጹ መስመር አሰመረች፤ ጥንስሱ የገባበት ሰዓት፣ ድፍድፉ የገባበት ሰዓት፣ ድምፁ የቆመበት ሰዓት። ከሥሩ ደግሞ ፍርዱ፤ ሽታ፣ መልክ፣ ጣዕም፣ ማግሥት። «ማግሥት» የሚለው ሽማግሌው ያስጨመሩት ነው፤ ጠላ በጠጣበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በነጋታው ራስ ላይም ይታያልና።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው እኒያው ሽማግሌ፤ ሁለተኛው ወደብ የሚሠራ ወጣት፣ ጠላ ከቢራ ይመርጣል የማይባል። ሦስተኛዋ ዳኛ ግን ጠላ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ጎረቤቷ ሙስሊም ናት፤ ግቢዎቻቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ሴትየዋ በመጀመሪያው ዓመት ሽታው እንዳያስቀይማት ብላ ይቅርታ ልትጠይቃት ሄዳ ነበር። ጎረቤቲቱ ግን በተሰባበረ አማርኛ፣ «መጀመሪያ የዳቦ ሽታ ነው፤ ደስ ይላል። ኮምጣጤ ሲሆን ነው የማልወደው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በደብተሩ ላይ «ግድግዳ» የሚል አንድ መስመር ጨመረች። ጎረቤቲቱ ልብስ ስታሰጣ «ዛሬ ዳቦ» ወይም «ዛሬ ፍሬ» ትላለች፤ ልጅቷም ሰዓቱን ትመዘግባለች። ኋላ ሲመሳከር ጎረቤቲቱ «ፍሬ» ያለችበት ሰዓትና የጀሪካኑ ድምፅ የቆመበት ሰዓት ከግማሽ ቀን በላይ ተራርቀው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀጠነ። ጥንስሱ አንድ ሌሊት ብቻ ስላደረ የጌሾው ኃይል አልወጣም ነበር። ሁለተኛው መረረ። ሦስተኛው ደህና ሆኖ ሳለ ውኃው አበላሸው፤ የጅቡቲ የከርሠ ምድር ውኃ ጨዋማነት የታወቀ ነው፤ ጨውም ከጌሾው ምሬት ጋር ሲገናኝ ምላስን ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ለከተማዋ ቢጨመርላትም ከቤት ቤት የሚደርሰው አንድ ዐይነት አይደለም። ስለዚህ ለአራተኛው የታሸገ ውኃ ተገዛ። ወጪው አሳሰባት፤ ግን ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን ነው። አራተኛውን ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስቀዱት፤ ማግሥቱንም ደውለው፣ «በሰላም አድሬአለሁ» አሉ።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ ሁለት ጊዜ ደገመችው። አንድ ነገር ደግሞ ከነፋሱ ተማረች። በበጋው መካከል ከበረሃው የሚመጣው ደረቅና ትኩስ ነፋስ፣ ጅቡቲዎች ካምሲን የሚሉት፣ ሰው ሁሉ የሚረግመው ነው። ነገር ግን ጀሪካኑ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ ነፋሱ በሚያገኘው ጥላ ሲቀመጥ፣ ውኃው በፍጥነት ስለሚተን ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። አየሩ እርጥበት ባዘለበት ቀን ግን ጆንያው ምንም አይጠቅምም። የሚያቃጥለው ነፋስ ለጠላው ወዳጅ መሆኑ ሳያስገርማት አልቀረም።

ሙሴውን «የሰኔው ጠላ አይቅር፤ ካልሆነ ለስላሳውን ራሴ ገዝቼ አስቀምጣለሁ» አለችው። ለስላሳውም ተገዝቶ ተቀመጠ። ጥንስሱ ሰኔ 6 ማታ ገባ። ድፍድፉ ሰኔ 8 ጠዋት። እንኩሮው ተጨምሮ ውኃው የተሞላው ሰኔ 9 ማታ። አፉ በላስቲክ ተሸፍኖ በገመድ ታሰረ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልከፈተውም። ልጅቷ እየተነሣች ጆሮዋን በበርሜሉ ላይ ትጥላለች። ሰኔ 11 ከቀትር በኋላ፣ «እማ፣ ዝም ሊል ነው» አለች። ያን ጊዜ በረዶ ተገዝቶ በርሜሉ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ቆመ።

በማግሥቱ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ፤ ጽዋው ዞረ። ሰዎቹ «እጅሽ ይባረክ» አሏት፤ ያንኑ ቃል ነበር ባለፈው ዓመትም ያሏት። ስለዚህ ቃሉን አልሰማችውም፤ ብርጭቆውን ነበር የምታየው። አንዱ ጠጥቶ ጨረሰና ሳያስበው እጁን ዘረጋ። ሌላው ስለ ወንድሙ የፍርድ ቤት ጉዳይ ማውራት ጀመረ፤ ሦስተኛዋ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ቦታዋን ችግር አነሣች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ የተነሣ ሰው አልነበረም። ለስላሳውን የጠጡት ልጆቹ ናቸው።

ሽማግሌው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ደርሷል» አሏት። ቀጥለውም፣ «ጭሱ ግን አንሷል። ፕላስቲኩ ነው የበላብሽ። የእናትሽ ጠላ እንዲህ አልነበረም ማለቴ ነው» አሉ። የእናቷን ጠላ ቀምሰው አያውቁም። ሆኖም አልተከራከረቻቸውም፤ ልጅቷ ደብተሩን አወጣችና «ጭስ፦ ትንሽ» ብላ ጻፈች። ከብርጭቆዎቹ መካከል ሳይጠጣ የቀረው ሁለት ብቻ ነበር።

የሐምሌ ጽዋ ተረካቢዋ ወጣት ሴት ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ዕቃ እያጠበች ሳለ፣ «እትዬ፣ ያንን ወረቀት አንሥቼ ልገልብጠው? ከተከደነ በኋላ ስንት ቀን ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀቻት።

ወረቀቱ ግድግዳው ላይ እንደ ተለጠፈ ነበር፤ «ሰባት ቀን» የሚለው አልተሰረዘም፤ የእህቷ እጅ ነውና። ሴትየዋ እጇን በጨርቅ እያደረቀች ወረቀቱን አየችው።

«ወረቀቱን ተይው» አለቻት። «ሐሙስ ማታ ከጀመርሽ ቅዳሜ በርሜሉን ከድነሽ ጥሪኝ። እሑድ እመጣና አብረን እናዳምጠዋለን።»